ስሙ ሽፋን ላይ ይውጣ ወይስ ምስጋና ገጽ ላይ?

ጥያቄ፦ በአካባቢያችን ስለሚበቅሉ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች የሚያስረዳ መጽሐፍ ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ለዓመታት ስናዘጋጅ ቆይተናል። ሐሳቡ የእኔ ነው፤ ጽሑፉን የጻፍሁትም እኔ ነኝ። የመጓጓዣውንና የውሎ አበሉን ወጪ የሸፈንሁትም እኔው ነኝ። እሱ ተክሎቹን በውኃ ቀለም ሥሏል። ለሕትመት ስንዘጋጅ ስሙ ከስሜ እኩል ሽፋኑ ላይ እንዲወጣ ጠየቀ። በምስጋናው ገጽ በክብር እንደምጠቅሰው ብነግረው «ብሩስ በባሉጋኒ ላይ የሠራውን ልትሠራብኝ ነው» ብሎ ተቆጥቶ ሥዕሎቹን ይዞ ሄደ። ለመሆኑ ብሩስ ምን ሠራ? እኔስ አጥፍቻለሁ? ሕጉስ ምን ይላል?

መልስ፦ አዎ፣ አጥፍተዋል። ነገር ግን ጥፋትዎ ባልደረባዎ የሚሉትን ያህል አይደርስም። እርስዎ አንድን ስም ከሽፋን ወደ ውስጥ ገጽ ለማውረድ አስበዋል። ብሩስ ግን ሰውየውን በብዕሩ ቀድሞ ገድሎ ነው ከታሪኩ ያወጣው። ይህን ስል ለማጋነን አይደለም፤ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ከሕጉ ክፍል በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጄምስ ብሩስ የስኮትላንድ ባላባት ነበር። በአልጀርስ የብሪታንያ ቆንስል ሆኖ ካገለገለ በኋላ የሰሜን አፍሪካን የሮማውያን ፍርስራሾች እየዞረ ለማስሣል አሰበና በ1765 ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ሰው ቀጠረ። ባሉጋኒ በሥነ ሕንፃ ንድፍና በቅርጽ ሥራ የሠለጠነ ወጣት ነው። ሁለቱ አብረው ፍርስራሾቹን ካዳረሱ በኋላ ወደ ሶርያና ወደ ግብፅ ተሻገሩ። በ1769 ምጽዋ ወረዱ፤ በቀጣዩ ዓመት ጎንደር ገቡ። ኅዳር 1770 የዓባይን ምንጭ ለማየት ግሽ ድረስ ሄዱ። ባሉጋኒ በ1771 ጎንደር ውስጥ ሞተ። ብሩስ በስናርና በኑቢያ በረሃ አድርጎ አገሩ ተመለሰና በ1790 የጉዞውን ታሪክ በአምስት ትልልቅ ጥራዞች አሳተመ።

አምስተኛው ጥራዝ ነው ለእኛ ጉዳይ የሚያስፈልገው። ኮሶ፣ እንሰት፣ ጤፍ፣ ቁልቋል፣ ቀንጠፋ፣ ዋንዛ፣ ከእንስሳትና ከአእዋፍም አሽኮኮና እርኩም ከነሥዕላቸው የቀረቡት እዚያ ላይ ነው። ብዙዎቹ የተጠቀሱት እኛው በምንጠራቸው ስም ነው፤ የእንግሊዝኛው አጻጻፍ ቢያጣምማቸውም ጮክ ብሎ ያነበባቸው ያገሬ ሰው ወዲያው ያውቃቸዋል። ለአውሮፓ የተክል ሊቃውንት ይህ ጥራዝ ትልቅ ሲሳይ ነበር። ሥዕሎቹን ብሩስ የራሱ እጅ ሥራ አድርጎ ነው ያቀረባቸው።

እንዴት አድርጎ? ባሉጋኒን ጨርሶ አልካደውም፤ መኖሩን ጽፏል። የጻፈው ግን አንድ በሽተኛ ረዳት እንደነበረው፣ ሕመሙም ከፍልስጥኤም ምድር ጀምሮ ያልለቀቀው እንደሆነና ኢትዮጵያ እንደገቡ ብዙም ሳይቆይ እንደሞተ ነው። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ልብ ይበሉ። ሟች ሰው የጎንደርን ዋንዛ ሊሥል አይችልም። ሟች ሰው ግሽ ላይ ሊገኝ አይችልም። በመጽሐፉ የምንጩ ትረካ ላይ ስትራቴስ የሚባል ግሪካዊ በስሙ ተጠርቶ ከብሩስ ጋር ጽዋ ሲያነሣ እናነባለን፤ ጣልያናዊው ግን የለም። ብሩስ ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ካቶሊካዊ ሚሲዮናዊ በ1618 እዚያው ምንጭ ላይ መድረሱንም ሊቀበል አልፈለገም። ሰውየው ደፋር ነበር፤ አዋቂም ነበር፤ ክብሩን ለሌላ ማካፈል ግን ሞቱ ነበር።

ያጋለጠው ጠላቱ አይደለም። ብሩስ በ1794 ከሞተ በኋላ አሌክሳንደር መሪ የሚባል ስኮትላንዳዊ የቋንቋ ሊቅ ሁለተኛውን እትም እንዲያዘጋጅ የብሩስ ወረቀቶች ተሰጡት። በ1805 የወጣው ያ እትም ነው ባሉጋኒን ከመቃብር ያስነሣው። ከወረቀቶቹ መካከል ባሉጋኒ በጣልያንኛ የያዛቸው የመንገድ ማስታወሻዎችና የአየር ጠባይ መዝገቦች ነበሩ። ሞቷል የተባለው ሰው ወደ ግሽ በሚወስደው መንገድ ላይ ማስታወሻ ሲይዝ ተገኘ። የሥዕሎቹ ጉዳይ ግን ብዙ ዘመን ወሰደ። በቤተሰቡ እጅ ከቆዩ በኋላ ብዙዎቹ ዛሬ አሜሪካ፣ በየል ዩኒቨርሲቲ የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ይገኛሉ። በ1991 አንድ የሥዕል ታሪክ አዋቂና ሁለት የዕፅዋት ተመራማሪዎች፣ ማለትም ፖል ሀልተን፣ ናይጀል ሄፐርና ኢብ ፍሪስ፣ የተክል ሥዕሎቹን አንድ በአንድ መርምረው መጽሐፍ አወጡ። የመጽሐፉን ርእስ አቀማመጥ ለእርስዎ ጉዳይ ስል አነሣዋለሁ፦ ዋናው ርእስ ሥዕሎቹ የባሉጋኒ መሆናቸውን ይናገራል፤ ንዑስ ርእሱ ደግሞ ስብስቡ ብሩስ በጉዞው ያከማቸው መሆኑን። ሁለቱም የየድርሻቸውን አገኙ። ሁለት መቶ ዓመት ከዘገየ ምን ይደረጋል።

አሁን ለብሩስ ልከራከርለት፤ ምክንያቱም የእርስዎ ክርክር የእሱው ክርክር ነው። ሐሳቡ የብሩስ ነበር። ገንዘቡ የብሩስ ነበር። ባሉጋኒ ደመወዝተኛ ነበር። ከዚህም በላይ ወረቀቶቹን ያዳናቸው ብሩስ ነው፤ በረሃው ላይ ግመሎቹ አልቀው ጓዙን ጥሎ በእግሩ አስዋን ከደረሰ በኋላ ሌላ ግመል ይዞ ተመልሶ ያነሣቸው እሱ ነው። ያን ባያደርግ የባሉጋኒ ሥራ አሸዋ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ብሩስንም በሽፋኑ ላይ የመጀመሪያው ስም ያደርገዋል። ሠዓሊ ግን አያደርገውም። ደመወዝ ወረቀቱን ይገዛ ይሆናል፤ እጁን አይገዛም። እርስዎ የከፈሉት ውሎ አበልም እንደዚያው ነው፦ የመጽሐፉ ወጪ ነው፤ ሲሸጥ ቀድሞ ይመለስልዎት፤ የስም ዋጋ ተደርጎ ግን አይቆጠር።

ከጥያቄዎ ውስጥ ይበልጥ ያሳሰበኝ «ተክሎቹን በውኃ ቀለም ሥሏል» የሚለው አነጋገር ነው። እንደ ጌጥ ነው ያዩት። የተክል መጻሕፍት ረቂቅ ሳርም ስለኖርሁ አንድ ነገር ልንገርዎት። ኮሶን እንውሰድ። ጸሐፊው «ቅጠሉ ድርብ ነው፤ አበባው ይንጠለጠላል» ብሎ ሊያልፍ ይችላል። ሠዓሊው ማለፍ አይችልም። በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ የተጠጋጉትን ቅጠሎች አንድ በአንድ መቁጠር አለበት፤ የንዑሳን ቅጠሎቹን ጠርዝ ጥርስ ከነአቅጣጫው ማስቀመጥ አለበት፤ በቅጠሉ ጀርባ ያለውን ብርማ ጠጉር በነጭ ወረቀት ላይ እንዴት እንደሚያሳይ መላ መምታት አለበት። ኮሶ ደግሞ ወንዱና ሴቴው በየራሱ ዛፍ ላይ የሚያብብ ነው፤ የሴቴው ዘለላ ቀላ ይላል። ስለዚህ አንድ ዛፍ ሥሎ «ይኸው ኮሶ» ማለት አይቻልም፤ ሁለተኛውን ዛፍ ፈልጎ ማግኘት ግድ ነው። ይህ ምርምር ነው። በዕፅዋት ስያሜ ደንብም ቢሆን ደረቅ ናሙና ላልተገኘላቸው የጥንት ስሞች የታተመ ሥዕል በናሙና ምትክ ሊቆም ይችላል። ሊቃውንቱ ሥዕልን ያህል ነገር ለምስክርነት የሚያበቁት ሥራው ጌጥ ስላልሆነ ነው።

ኮሶን ካነሣን አይቀር፣ ብሩስ ለዛፉ የሰጠው የሳይንስ ስም ወዳጁን ጆሴፍ ባንክስን ለማክበር ነበር። በባንክስ ስም የተጠራ ሌላ የተክል ወገን ቀድሞ ስለነበረ የስሙ የመጀመሪያ ክፍል ወደቀ፤ ዛሬ ሐጌኒያ አቢሲኒካ እየተባለ ይጠራል። ሙሉው አጻጻፍ ግን የብሩስን ስም በቅንፍ እንደያዘ ነው። ቅንፉ ስም ላወጣ ሰው ነው፤ ለሠዓሊ የሚሆን ቦታ የለውም። ስለዚህ «በሳይንስ ደንብ የሠዓሊ ስም አይጠራም» የሚልዎት ሰው ቢመጣ፣ ያ የተክሉ ስም ደንብ እንጂ የመጽሐፍ ሽፋን ደንብ እንዳልሆነ ይንገሩት። በመስክ መመሪያ መጻሕፍት ልማድ የሠዓሊ ስም ሽፋን ላይ መውጣቱ የተለመደ ነው። የአፍሪካ ቀንድን አእዋፍ የሚመለከተውን፣ በ2009 የወጣውንና አገር አስጎብኚዎቻችን የሚይዙትን መጽሐፍ ይመልከቱ፤ ሦስቱ ጸሐፊዎችም ሁለቱ ሠዓሊዎችም ሽፋኑ ላይ አሉ።

እንግዲህ «ጽሑፍ፦ እኔ፤ ሥዕል፦ እሱ» ብለን ከፋፍለን ብንጽፍስ ይሉ ይሆናል። ጥሩ ነው፤ ለብቻው ግን አይበቃም። እዚህ ላይ ሌላ ታሪክ ያስፈልገኛል።

የፈረንሳዩ ቡፎን ታላቁን የተፈጥሮ ታሪክ መጽሐፉን በ1749 ማሳተም ሲጀምር ከትውልድ ከተማው ከሞንባር ዶባንቶን የተባለ ሐኪም አምጥቶ አብሮ አሠራው። ቡፎን የእንስሳቱን ጠባይና ታሪክ በዚያ በሚያምር ብዕሩ ይጽፋል፤ ዶባንቶን ደግሞ እየበለተና እየለካ የውስጥ አካላቸውን ይገልጻል። 182 የሚሆኑ አራት እግር እንስሳትን እንዲህ አድርጎ መርምሯል። የዶባንቶን ክፍል ከቡፎን ክፍል ተለይቶ የተቀመጠ ነበርና ማን ምን እንደጻፈ ግልጽ ነው፤ የስም ክርክር የሚያስነሣ አይመስልም። ጠቡ የመጣው ግን ከዚሁ ግልጽነት ነው። አነስ ባለ መጠን ለብዙኃኑ የሚሸጥ እትም ሲታሰብ አንጀትና አጥንት የሚለካው ክፍል አንባቢ ያሰለቻል ተባለና ተቆርጦ ወጣ። ተለይቶ ስለተቀመጠ ለመቁረጥ አላስቸገረም። ዶባንቶን አዘነ፤ ከሥራውም ራሱን አገለለ። የወፎቹ ጥራዞች ያለ እሱ ነው የተሠሩት።

በእነዚያ የወፍ ጥራዞች ላይ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ እናገኘዋለን። ጌኖ ደ ሞንቤያር የሚባል ወዳጁ ብዙ ክፍሎችን ጻፈ፤ መጀመሪያ የወጡት በቡፎን ስም ነበር፤ አንባቢው ልዩነቱን አላወቀም። ቡፎን በኋላ ራሱ ይፋ አወጣው። የሚገርመው፣ ይኸው ቡፎን በእነዚሁ የወፍ ሥራዎቹ ላይ ከአቢሲኒያ የተመለሰውን ብሩስን አግኝቶ ስላሳየው የወፍ ሥዕሎች አመስግኖታል። የእርዳታን ዋጋ የሚያውቅ ሰው ምስጋናውን ለማን ማድረስ እንዳለበት አላወቀም፤ ጎንደር የቀረውን ማን ይንገረው?

ከዶባንቶን የምንወስደው ለእርስዎ ባልደረባ ይጠቅማል፤ ለእርስዎም ያው ነው። ተለይቶ የተጻፈ ድርሻ ተለይቶ ሊወገድ ይችላል። ነገ አሳታሚው «ሥዕሉ ወጪ ያበዛል፤ ጽሑፉን ብቻ በርካሽ እናውጣ» ሊል ይችላል። ወይም ተገላቢጦሽ፣ ሥዕሎቹ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ሆነው የእርስዎ ጽሑፍ ይቀራል። ስለዚህ ሽፋኑ ላይ ሁለት ስም ማውጣቱ ለዚህ እትም ብቻ ይሆናል፤ ከዚያ ቀጥሎ ለሚመጣው ሁሉ፣ ለአጭሩ እትም፣ ለትርጉሙ፣ ለስልክ መተግበሪያው፣ ሁለታችሁም ሳትስማሙ ምንም እንዳይቀነስ የሚል ውል ያስፈልጋችኋል።

ወደ ሕጉ እንምጣ። የእኛ አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ በራሳችን አቆጣጠር ነው) የሥራ አመንጪን መብት በሁለት ይከፍለዋል፦ ገንዘብ የሚያስገኘው ኢኮኖሚያዊ መብትና ስሙንና የሥራውን ክብር የሚጠብቀው የሞራል መብት። ሥዕልም እንደ ጽሑፍ ሥራ ነው። በጋራ የተሠራ ሥራ የመጀመሪያ ባለመብቶቹ አብረው ያመነጩት ናቸው። እርስዎ ሊይዙት የሚችሉት አንድ ክር አለ፦ አዋጁ በቅጥር ወይም በትእዛዝ ለተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ባለመብቱ ቀጣሪው ወይም ያዘዘው ሰው ነው ይላል። ውሎ አበል መክፈልዎ ባልደረባዎን ታዛዥ ባለሙያ ያደርጋቸዋል ወይ የሚለው በፍርድ ቤት የሚያከራክር ነው፤ በእኔ አስተያየት ለዓመታት አብሮ ለተለፋበት ሥራ ውሎ አበል ቅጥርን አያስረዳም፤ ይህን ግን ወረቀታችሁን ያየ ጠበቃ ይንገርዎት። ቢረቱ እንኳ የሚያገኙት ኢኮኖሚያዊውን መብት ነው። ስሜ ይጠራ የማለት መብት ከሠዓሊው ጋር ይቀራል፤ አዋጁ የኢኮኖሚያዊ መብቱ ባለቤት ማንም ይሁን ማን ይህን መብት ለሥራ አመንጪው ይሰጣል።

አንድ ነገር ደግሞ ሳይጠይቁኝ ላስጠንቅቅ። ሥዕሎቹን ይዘው ስለሄዱ፣ በእጅዎ ካሉት የሥዕሎቹ ፎቶግራፎች ላይ ሌላ ሠዓሊ ቀጥረው ለማስገልበጥ አስበው ከሆነ ይተዉት። ከአንድ ሥዕል የተገለበጠ ሥዕል ያለ ፈቃድ የተወሰደ ሥራ ነው፤ ያኔ ባልደረባዎ በብሩስ መመሰላቸው ያንስብዎታል። እሳቸውም በበኩላቸው የእርስዎን ገለጻ ከሥዕሉ ሥር ጽፈው ማሳተም አይችሉም። ሁለታችሁም ያለ አንዳችሁ መጽሐፍ የላችሁም።

ከጥያቄዎ ውስጥ ያልተጠራ ሦስተኛ ሰው ያለም ይመስለኛል። የዛፎቹን የአካባቢ ስምና ጥቅም ማን ነገራችሁ? ስለ ብሩስና ባሉጋኒ ስንከራከር ዋጊኖስን፣ ቀንጠፋን፣ ኮሶን በስሙ ጠርቶ ያሳያቸው ሰው የት ገባ የሚል አይሰማም። የዋጊኖስ የሳይንስ ስም ዛሬም የብሩስን ስም ተሸክሟል፤ ለተቅማጥ መድኃኒት እንደሚሆን ያሳወቁት ያገሩ ሰዎች ግን ስማቸው አልተያዘም። እናንተም የመድኃኒትነት ጥቅም ከጻፋችሁ የማኅበረሰብን ዕውቀት የሚመለከተውን አዋጅ ቁጥር 482/1998 ማየት አለባችሁ፤ ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር ሊኖርበት ይችላል። ያስረዷችሁን አዛውንቶች ደግሞ ስማቸው እንዲታተም ይፈልጉ እንደሆነ ራሳቸውን ጠይቋቸው። አንዳንዱ የመድኃኒት አዋቂ ስሙ በአደባባይ እንዲወጣ አይወድም።

ታዲያ ምን ያድርጉ? ሽማግሌ ከመላክ በፊት በሁለት ስም የተዘጋጀ የሽፋን ረቂቅ ይላኩላቸው። የትኛው ስም ይቅደም ለሚለው ብዙ አትጨቃጨቁ፤ በፊደል ተራ አድርጉትና በመግቢያው ላይ በፊደል ተራ መሆኑን ጻፉ። ወይም ሐሳቡ የእርስዎ ስለነበር የእርስዎ ይቅደም፤ በዚህ ላይ እኔ ከእርስዎ ጋር ነኝ፤ ሊያስቆጣቸው የሚገባ አይመስለኝም። በእያንዳንዱ ሥዕል ግርጌ ፊርማቸው፣ ቀኑና ቦታው ይኑር፤ የአታሚው መቁረጫ ጠርዙን ሲያስተካክል ፊርማውን እንዳይበላውም በናሙናው ላይ ራሳቸው ይዩት። ገንዘቡን ከስሙ ለይታችሁ ተነጋገሩ፦ መጀመሪያ ያወጡት ወጪ በደረሰኝ ይመለስልዎት፤ የቀረውን በስምምነታችሁ ተካፈሉ።

ከዚያ ሥዕሎቹን ይዘው እንዲመጡና ጽሑፍዎን ከሥዕሉ ጋር ገጽ በገጽ እንድታመሳክሩ ይጠይቋቸው። ሕትመት ከመጀመሩ በፊት ይህ መደረግ ያለበት ሥራ ነው፤ ጠቡ ባይነሣም ይቀር አልነበረም። ስታመሳክሩ እርስዎ «ቅጠሉ ትይዩ ነው» ብለው የጻፉትን የእሳቸው ሥዕል ተፈራራቂ መሆኑን አሳይቶ ያረመበት ቦታ ይገኛል፤ እርስዎም «ይህ ፍሬ አልበሰለም፤ ከወር በኋላ እንመለስ» ብለው ያስቆዩበት ሥዕል ይኖራል። እነዚህን ቦታዎች አንድ ወረቀት ላይ እየያዛችሁ ሂዱ። ከመግቢያው ቀጥሎ «የሥራ ድርሻ» በሚል ርእስ የሚታተመው ገጽ ከዚያ ወረቀት ይወጣል፤ ሁለታችሁም ትፈርሙበታላችሁ።